ሐሩራማ ደን ውስጥ ማረፍ አይቻልም? ስለ «ደን እጥበት» ለወጣ ጽሑፍ የተሰጠ ምላሽ

ሰሞኑን «የደን እጥበት» በሚባለው ነገር ላይ የተጻፈ ረዘም ያለ ጽሑፍ ወዳጆቼ ልከውልኝ አነበብኩ። የጸሐፊው ብዕር ስል ነው፤ ሁለት ሦስት ቦታ ላይ አስቀውኛል። ክርክራቸው ሲጨመቅ ይህን ይመስላል፦ ጃፓኖች በቀዝቃዛ ደናቸው ውስጥ የጀመሩት በዝግታ የመንሸራሸር ልማድ ወደ ሐሩር ሲወሰድ ትርጉም ያጣል። እዚያ ያለው ወበቅ፣ ትንኝና ጫጫታ ነው። ጥናቱ የተሠራው በሌላ ዓይነት ዛፍ ላይ ነው። የሚታየውም ከዳር እስከ ዳር አንድ ዓይነት አረንጓዴ ነው። ሰዎች «ተሻለን» የሚሉት ስለከፈሉ ነው፤ መሪ ተብዬው ደግሞ በነጻ የሚገኝ አየር ይሸጣል፤ በዚህ ሁሉ መሐል ደኑ ይረገጣል።

እኔ አስጎብኚ አይደለሁም፤ ከዚህ ሥራ የማገኘው ሳንቲምም የለም። ሐሩራማ ደን ውስጥ ግን ከመሪ ጋርም ያለ መሪም ገብቻለሁ። ጸሐፊው ከዘረዘሯቸው ነገሮች የማልክዳቸው አሉ። መደምደሚያቸው ግን የተገለበጠ ይመስለኛል፤ መሪ የሚያስፈልገው ከጃፓን ይልቅ እንዲያውም በሐሩር ነው።

ነገሩን ለማያውቅ አንባቢ ጥቂት ልበል (ዓመተ ምሕረቶቹ ሁሉ በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው)። በ1982 የጃፓን የደን ኤጀንሲ፣ በወቅቱ ኃላፊው በቶሞሂዴ አኪያማ አማካይነት፣ «ሺንሪን-ዮኩ» (የደን እጥበት ማለት ነው) ብሎ ሕዝቡ ወደ ደን እንዲወጣ ቀሰቀሰ። የመጀመሪያው ዝግጅት የተካሄደው ናጋኖ በተባለው የጃፓን ግዛት በሚገኘው የአካሳዋ ደን ነው፤ ከ300 ዓመት በላይ የኖሩ፣ ሂኖኪ የሚባሉ የጃፓን ጽድ መሰል ዛፎች ያሉበት ቦታ ነው። ዛሬ በመሪ የሚደረገው ጉዞ ሁለት ሦስት ሰዓት ይፈጃል፤ የሚኬደው መንገድ ግን ብዙ ጊዜ ከአንድ ሁለት ኪሎ ሜትር አይበልጥም። መሪው «አሁን የሚንቀሳቀስ ነገር ብቻ ተመልከቱ»፣ «አሁን ዐይናችሁን ጨፍናችሁ አድምጡ» እያለ ትንንሽ ግብዣ ያቀርባል። መሐል ላይ እያንዳንዱ ሰው ለብቻው ቁጭ የሚልበት ጊዜ አለ። የሚወጣ ተራራ የለም፣ የሚቆጠር እርምጃ የለም።

ከሙቀቱ ልጀምር፤ ጸሐፊው የተማመኑበት ነጥብ እሱ ነውና። 30 ዲግሪ ሙቀት ባለበት፣ አየሩ ውሃ ባዘለበት ቦታ ማንም አያርፍም ይላሉ። 30 ዲግሪው የተለካው የት ነው? የአየር ትንበያው ቁጥር የሚለካው ገላጣ ቦታ ላይ ነው። በተለያዩ አህጉራት ያሉ ደኖችን ያነጻጸረና በ2019 የወጣ ጥናት እንዳሳየው፣ የቀኑ ከፍተኛ ሙቀት ከዛፍ ሥር ሲለካ ከገላጣው በአማካይ 4 ዲግሪ ያህል ዝቅ ይላል። ጥቅጥቅ ባለ ሐሩራማ ደን ውስጥ አናቱ ላይ ካረፈው የፀሐይ ብርሃን መሬት የሚደርሰው ከመቶ አንድ ሁለት እጅ ቢሆን ነው።

እርጥበቱን በተመለከተ እውነታቸውን ነው። ላብ አይደርቅም፣ ነፋስም እንደ ልቡ አይገባም። ግን ይህ ማንን ነው የሚጎዳው? ቁጭ ያለ ሰው ሰውነቱ 100 ዋት ገደማ ሙቀት ያመነጫል። ፈጠን ብሎ ሲራመድ ሦስት እጥፍ ገደማ ይደርሳል፤ ቦርሳ ተሸክሞ ዳገት ሲወጣማ ከዚያም ያልፋል። ተጓዡ ዝሎ የሚወድቀው ይህን ሁሉ ሙቀት በላብ ማስወጣት ሲያቅተው ነው። በሰዓት ግማሽ ኪሎ ሜትር የሚሄድና በየመሐሉ የሚቀመጥ ሰው ግን መጀመሪያውኑ የሚያስወጣው ብዙ ሙቀት የለውም። ጸሐፊው የፈጣኑን ተጓዥ ስቃይ በዘገምተኛው ላይ ነው ያላከኩት። ወበቅ ባለበት አገር ደን ለመግባት ከዚህ የተሻለ አካሄድ ካለ ቢነግሩኝ ደስ ይለኛል።

ከዚያ ደግሞ የሰዓት ጉዳይ አለ። በጽሑፋቸው የተረኩት ጉዞ የተጀመረው እኩለ ቀን ሊሞላ ሲል ነው፤ ከሰዓት በኋላ ነጎድጓድ መጥቶ እንደበተናቸውም ጽፈዋል። ይህን ደኑ ላይ ጥፋት አድርጎ መመዝገብ ግፍ ነው። በምድር ወገብ አካባቢ ጠዋት የሞቀው አየር ሽቅብ ይወጣል፣ ደመና ያዝላል፣ ከሰዓት በኋላ ይዘንባል፤ ብርቅ ነገር አይደለም። ደህና መሪ ሰዎቹን ከጠዋቱ 12 ሰዓት ተኩል ላይ ሰብስቦ 3 ሰዓት ተኩል ሳይሞላ ያስወጣል። በቀትር ሰው ይዞ የሚገባውን እኔም አብሬ እወቅሰዋለሁ፤ ሥራውን አያውቅምና።

ሐሩር ሲባል ቆላ ብቻ ማሰቡም ልክ አይደለም። ከፍታው በ1000 ሜትር ሲጨምር ሙቀቱ በ6 ዲግሪ ገደማ ይወርዳል። ኮስታ ሪካ ያለው የሞንቴቬርዴ የጉም ደን 1400 ሜትርና ከዚያ በላይ ላይ ነው፤ እዚያ ጠዋት ሹራብ የሚያስደርብ ብርድ አለ። በነገራችን ላይ ጃፓንም ቢሆን በሐምሌና በነሐሴ በወበቋ የታወቀች ናት።

ጫጫታውን ባጭሩ። ጸሐፊው ዕረፍት የሚገኘው ጸጥታ ካለ ብቻ ነው ብለው ተነስተዋል። ማን አለ? የተፈጥሮ ድምፆችን የሚመለከቱ ጥናቶችን በአንድ ላይ የመዘነና በ2021 የወጣ ትንተና፣ የውሃ ድምፅ ስሜትን በማሻሻል፣ የወፍ ድምፅ ደግሞ ጭንቀትን በመቀነስ በኩል ጎልተው መገኘታቸውን አሳይቷል። ሐሩራማ ደን ደግሞ የእነዚህ ሁለቱ ድሃ አይደለም። ሲካዳ የሚባለው ነፍሳት በመንጋ ሲጮህ ጆሮ እንደሚያደነቁር አልክድም። ቦርኒዮ በተባለችው የደቡብ ምሥራቅ እስያ ደሴት ውስጥ ግን አንዱ ትልቅ የሲካዳ ዝርያ ፀሐይ ልትጠልቅ ስትል፣ 12 ሰዓት ገደማ፣ ሰዓቱን ጠብቆ ስለሚጮህ ሰዎች ሰዓት ያውቁበታል። ማን መቼ እንደሚጮህ የሚያውቅ መሪ መሸሽም መጠጋትም ይችላል።

ሳይንሱ ላይ ረዘም ልበል፤ እዚህ በግማሽ ትክክል ናቸውና። የደን እጥበት ጥቅም የሚመጣው የጃፓን ዛፎች ከሚያመነጩት ሽታ ነው፣ የሐሩር ዛፎች ያ ሽታ የላቸውም፣ ስለዚህ ጥቅሙም የለም ይላሉ። ችግሩ ሁለት የተለያዩ የምርምር መስመሮችን አንድ ላይ ቋጥረው አንዱ ሲወድቅ ሌላውም ወደቀ ማለታቸው ነው።

አንደኛው መስመር የኒፖን ሕክምና ትምህርት ቤት ተመራማሪው የቺንግ ሊ ነው። በ2005 12 ወንዶችን ኢያማ ወደተባለ የናጋኖ ደን ወስዶ ሦስት ቀን አቆያቸው። ደማቸው ሲመረመር «ተፈጥሯዊ ገዳይ» የሚባሉት ነጭ የደም ሕዋሳት እንቅስቃሴ በ50 ከመቶ ገደማ ጨምሮ ተገኘ። ቆይቶም ሆቴል ክፍል ውስጥ የሂኖኪ ዘይት እያተነነ ሞከረው፣ ተመሳሳይ ዝንባሌ አየ። ለዚህ ምክንያት የተደረጉት ፊቶንሳይድ የሚባሉት፣ እንደ አልፋ-ፓይኒንና ሊሞኒን ያሉ ተናኝ ውህዶች ናቸው። እውነት ነው፣ የሐሩር ሰፋፊ ቅጠል ያላቸው ዛፎች በብዛት የሚያመነጩት ሌላ ነገር ነው፤ አይሶፕሪን ይባላል። የአማዞን ዛፎች አልፋ-ፓይኒንም እንደሚያመነጩ አንስቼ መከራከር እችል ነበር። ግን አልከራከርም። የመጀመሪያው ጥናት በ12 ሰዎች የተሠራ፣ ጎን ለጎን የሚነጻጸር ሌላ ቡድን ያልነበረው ነው። በደም ናሙና ላይ የታየ ለውጥም በሽታ ዳነ ማለት አይደለም። ይህን ይዞ «ካንሰር ይከላከላል» ብሎ ማስታወቂያ መለጠፍ ነውር ነው፤ ጸሐፊው ያንን የሚያደርጉትን ቢያሳፍሩልን እሰየው።

ሁለተኛው መስመር ሽታም ሂኖኪም አያስፈልገውም። በ2010 የወጣው የጃፓን ጥናት 24 ደኖችን የሸፈነ ሲሆን 280 ወንድ ተማሪዎች ተሳትፈውበታል። በየቦታው ግማሹ ቡድን ደን፣ ግማሹ ከተማ ይሄዳል፤ በማግስቱ ይቀያየራሉ። የሚያደርጉት ነገር ቢኖር ሩብ ሰዓት ያህል መራመድና ያንኑ ያህል ቁጭ ብሎ ማየት ነው። ደን ውስጥ ኮርቲሶል የተባለው የጭንቀት ሆርሞን ከከተማው ከአሥር ከመቶ በላይ ዝቅ ብሎ ተገኘ፤ የላይኛው የደም ግፊት ግን ሁለት ከመቶ እንኳ ሳይሞላ ነው የወረደው። ልብ በሉ፣ ተአምር አይደለም። መጠነኛ ነው፣ ግን አለ።

ከዚያ በፊት ደግሞ የአሜሪካዊው ተመራማሪ የሮጀር ኡልሪክ ጥናት አለ፤ በ1984 «ሳይንስ» መጽሔት ላይ ያወጣው። ፔንስልቬንያ ባለ አንድ ሆስፒታል ከ1972 እስከ 1981 ባለው ጊዜ የሐሞት ከረጢት ቀዶ ሕክምና የተደረገላቸውን 46 ሕሙማን መዝገብ አገላበጠ። ግማሾቹ የተኙት መስኮቱ ዛፍ የሚያሳይ ክፍል ውስጥ ነው፤ ለግማሾቹ መስኮቱ የሚያሳያቸው የጡብ ግድግዳ ነው። ዛፍ የሚያዩት በአማካይ ሦስት ሩብ ቀን ያህል ቀድመው ወጡ፤ ጠንካራ ማስታገሻም ያነሰ ወሰዱ። በመስታወት በኩል ፊቶንሳይድ አይገባም።

ይኸው ጥናት «የተሻላቸው ስለከፈሉ ነው» ለሚለውም መልስ ነው። እነዚያ ሕሙማን ክፍላቸውን አልመረጡም፤ የከፈሉትም ለሐሞት ከረጢታቸው እንጂ ለመስኮቱ አይደለም። የጃፓን ተማሪዎችም ሂዱ የተባሉበት ሄዱ። ደንን ሸፍኖ «ይህ ደን ይሁን ከተማ አታውቅም» ማለት ስለማይቻል «ይሻለኛል» ብሎ የመጠበቅ ስሜት ጨርሶ አይኖርም አልልም። ክፍያውን ብቻ ይዞ ሁሉንም ነገር መዝጋት ግን አይሆንም።

ከሐሩር የመጣ ማስረጃ የለም የሚለውም እንዳለ የሚዋጥ አይደለም። ሲንጋፖር ውስጥ 59 አረጋውያንን በዕጣ ለሁለት ከፍሎ አንዱን ቡድን በአትክልት ሥራና በመናፈሻ ጉብኝት ያቆየ፣ በ2018 የወጣ ጥናት አለ፤ ከሰውነት መቆጣት ጋር የተያያዘ አንድ የደም ምልክት በዚያ ቡድን ዝቅ ብሎ ተገኝቷል። አትክልት መኮትኮት ደን መግባት አይደለም፣ አውቃለሁ፤ 59 ሰውም ብዙ አይደለም። ማስረጃው ቀጭን ነው ማለት ግን አንድ ነገር ነው፤ ማስረጃው አይሠራም ይላል ማለት ሌላ ነው። ጸሐፊው ከመጀመሪያው ተነስተው ሁለተኛው ላይ አርፈዋል፤ በመሐል ያለውን ርቀት ግን በምን እንደተሻገሩት አላሳዩንም።

(የጃፓን ደን እንዲህ ሲሞገስ አንድ ነገር ይረሳል። ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት በኋላ በገፍ የተተከለው የሱጊ ዛፍ የአበባ ብናኙ በየጸደዩ ሚሊዮኖችን ያስነጥሳል፣ ዐይን ያስለቅሳል። እንከን የለሽ ደን የትም የለም።)

አሁን ወደ «አንድ ዓይነት አረንጓዴ» ልምጣ፤ ከሁሉም ያስገረመኝ ይህ ነው። በማሌዢያዋ ሳራዋክ ግዛት ውስጥ ላምቢር ሂልስ በተባለ ቦታ ተመራማሪዎች 52 ሄክታር ላይ የቆመውን ዛፍ አንድ በአንድ ቆጥረው ወደ 1,180 ዝርያ አግኝተዋል። ሁለት ጎረቤታም ዛፎች አንድ ዝርያ መሆናቸው ብርቅ ነው። ጸሐፊው አንድ ዓይነት ነው ያሉት በምድር ላይ ካሉት ቦታዎች ሁሉ በጣም የተለያየውን ነው።

ግን አልፈርድባቸውም፤ ለአዲስ ገቢ ዐይን በእርግጥም ሁሉም አንድ ይመስላል። እንስሳቱ ላይ ናቸው ወይ ተደብቀዋል፤ ታች ያለው ግንድ፣ ሐረግና ጥላ ነው። የመሪው ሥራ የሚጀምረውም እዚህ ላይ ነው። በደቡብ ምሥራቅ እስያ አንድ ዝናባማ ደን ውስጥ የመራን ወጣት ለእያንዳንዳችን ክንድ የማይሞላ ቦታ መደበልንና «ከዚህ አትውጡ» አለን። የእኔ ድርሻ አንዲት ቅጠል ነበረች። ጫፏ ሹል ሆኖ ወደ ታች ወርዷል፤ ዝናቡ ቶሎ እንዲንሸራተትላት ነው። ላይዋ ላይ ግራጫና ነጣ ያለ ነጠብጣብ ነበር፤ ቆሻሻ መስሎኝ በጣቴ ልጠርገው ስል አልለቀቀኝም። በኋላ እንደነገረን ቅጠሏ ላይ ቤቱን የሠራ ሊከን ነው፤ ፈንገስና አልጌ ተጣምረው የሚኖሩበት ነገር። በእሱ ላይ ከሰሊጥ የምታንስ ሸረሪት ትሄዳለች፤ የነጠብጣቡን ቀለም ይዛ ስለነበር ያየኋት ስትንቀሳቀስ ብቻ ነው። ቅጠሏን ገለበጥኳት፤ ሥሯ ነጫጭ እንቁላል በሰልፍ ተለጥፏል። ቀና ስል ፊት ለፊቴ ያለው ደን ያው ነበር፤ እኔ ግን ቅድም አንድ ያልኩት አረንጓዴ ውስጥ የትኛው ሐረግ ከየትኛው ዛፍ እንደሚወርድ መለየት ጀምሬ ነበር። የሥነ ልቦና ተመራማሪዎቹ ሬቸልና ስቲቨን ካፕላን በ1989 ባቀረቡት ሐሳብ፣ ተፈጥሮ የደከመ ትኩረትን የሚያሳርፈው ሳያስገድድ ስለሚስብ ነው ይላሉ። በዚያች ቅጠል ላይ ማንም አላስገደደኝም።

መሪውን «አየር ሻጭ» ማለታቸው ላይ ግን በጥብቅ እለያቸዋለሁ። ብዙ መሪዎች ያንን የግብዣ ስልት የተማሩት አሞስ ክሊፎርድ በ2012 ካሊፎርኒያ ውስጥ ካቋቋመው የደን እጥበት መሪዎች ማሠልጠኛ ማኅበር ወይም እሱን ከመሰለ ቦታ ነው። ግብዣዎቹ ለቀዝቃዛና ለመካከለኛ አየር ደን የተቀመሩ ናቸው። ከእነሱ አንዱ «የሳባችሁን ዛፍ ሄዳችሁ ዳስሱት» ይላል። አካሳዋ ላይ ሂኖኪ ቢዳሰስ ምን ይመጣል? ምንም። አውስትራሊያ፣ ኩዊንስላንድ ውስጥ ግን ጂምፒ-ጂምፒ የሚባል ተክል አለ፤ ልብ የሚመስለው ቅጠሉ ለስላሳ ፀጉር የለበሰ ይመስላል፣ እጅም ይጋብዛል። ፀጉሩ መርዝ ያዘለ ደቃቅ መርፌ ነው፤ ቆዳ ውስጥ ተሰብሮ ይቀራል፣ ሕመሙ ለሳምንታት፣ አንዳንዴም ለወራት ይመላለሳል። በካሪቢያንና በመካከለኛው አሜሪካ የባሕር ዳርቻዎች የሚበቅለው ማንቺኒል ደግሞ ነጭ ወተቱ ቆዳ ያቃጥላል፤ ዝናብ ሲመጣ ሥሩ መጠለል ብቻውን ያቆስላል። እዚያ «የሳባችሁን ዳስሱ» የሚል መሪ ወንጀለኛ ነው ማለት ይቻላል። በሌላ በኩል ደግሞ «ይህን ንኩ፣ ያንን አትንኩ» የሚል ሰው ከሌለ ጎብኚው እጁን ኪሱ ከትቶ ፈርቶ ነው የሚሄደው፤ ፍርሃትና ዕረፍት ደግሞ አብረው አይኖሩም።

ብዙ ሰው ሐሩራማ ደን ሲባል የሚፈራው እባብና ነብር ነው። ደን ውስጥ የሚውሉ ሰዎች ግን አብዝተው የሚጠነቀቁት ከላይ የሚወርደውን ነው። ያው ወጣት፣ ሥሩ ከወገቤ በላይ ከፍ ብሎ ወደ ጎን ከተዘረጋ አንድ ግዙፍ ዛፍ ዘንድ ስንደርስ፣ ልንቀመጥ ስንል በእጁ ከለከለን። አንገቱን ቀና አድርጎ ለረጅም ጊዜ ላይኛውን አየ። «እዚህ አይሆንም» ብሎ ወደ ሌላ ቦታ ወሰደን። የደረቀ ቅርንጫፍ በሐረግ ብቻ ተንጠልጥሎ ነበር፤ በጣቱ እስኪያሳየን ድረስ ማናችንም አላየነውም። ያን ጠዋት አልቅት ካልሲዬ ላይ ሲወጣ ደንግጬ ልነጭው ስል የያዘኝም እሱ ነው፤ በጥፍሩ ጠርዝ በአፉ በኩል ገፋ አድርጎ አላቀቀው። ደሙ ቶሎ አልቆመም፤ አልቅት ደም እንዳይረጋ የሚያደርግ ነገር ይለቃል፣ አያስደነግጥም አለኝ። ይህ ሰው አየር ነው የሸጠልኝ?

ትንኙ ላይ ጸሐፊው ማጋነን አላስፈለጋቸውም፣ ያሉት እውነት ነው። እንዲያውም እኔ የማወድሰው የጠዋት ሰዓት የራሱ ጣጣ አለው። ወባ የምታስተላልፈው አኖፊለስ በአብዛኛው ከምሽት እስከ ንጋት ትናከሳለች፤ ዴንጌ የተባለውን ትኩሳት የምታስተላልፈው ኤደስ ግን የቀን ናት፣ በተለይ በማለዳና ወደ ማታ። ስለዚህ ረጅም እጅጌ፣ ረጅም ሱሪና የትንኝ መከላከያ ቅባት ግድ ነው፤ ከጉዞው በፊትም ስለ ወባ መከላከያና ስለ ቢጫ ወባ ክትባት ሐኪም መጠየቅ ያስፈልጋል። የልብ ሕመም ያለበትና ነፍሰ ጡር ደግሞ ስለ ሙቀቱም ጭምር ያማክሩ። ይህን ቀድሞ የማይናገር መሪ ካለ ከእሱ ጋር አለመሄድ ነው።

የሻይ ሥነ ሥርዓቱ ላይ የቀለዱት ቀልድ ተገቢ ነው። ብዙ መሪዎች ጉዞውን ከደኑ በተለቀመ ቅጠል በተፈላ ሻይ ይዘጋሉ። ባልታወቀ ሐሩራማ ደን ውስጥ፣ ቅጠል ከቅጠል በሚመሳሰልበት፣ ይህን መቅዳት ከንቱ ብቻ ሳይሆን አደገኛም ነው። ይቅር። ውሃ ይበቃል።

ደኑ ይረገጣል የሚለው የዋዛ ነገር አይደለም። ሲንጋፖር ከተማ መሐል ያለው የቡኪት ቲማ ጥብቅ ደን 163 ሄክታር ገደማ ነው፤ ከ2014 እስከ 2016 መንገዶቹን ለመጠገንና ተዳፋቱን ለማጠናከር ተዘግቶ ነበር። የብዙ ሰው እግር አፈር ይጠቀጥቃል፣ ሥር ያጋልጣል፣ ጎርፍ መንገድ ያገኛል። ነገር ግን ጉዳቱን የሚወስነው የሰዉ ብዛትና ከመንገድ መውጣቱ ነው። አንድ ኪሎ ሜትር እንኳ የማይሄድ፣ ስምንት አሥር ሰው የሆነ፣ በተለመዱ ቦታዎች ላይ ብቻ የሚቀመጥ ቡድን ከሩጫ ውድድር ጋር አንድ ላይ አይመዘንም። በዚያ ላይ ድንግል ደን መግባት የግድ አይደለም። ጸሐፊው ጉዞው ያልተነካ ደን ካልሆነ ዋጋ እንደሌለው፣ ያልተነካ ደን ከሆነ ደግሞ መግባቱ ኃጢአት እንደሆነ አድርገው አስቀምጠውታል፤ ሁለቱን በር ዘግተው «ግባ» እንደማለት ነው።

ኬፖንግ ያለው የማሌዢያ የደን ምርምር ተቋም ግቢ ለዚህ ደህና መልስ ነው። የዛሬ መቶ ዓመት ገደማ ቦታው ቆርቆሮ የተቆፈረበት የተራቆተ መሬትና የአትክልት እርሻ ነበር። ከ1920ዎቹ ጀምሮ ዛፍ እየተተከለበት ዛሬ ዝናባማ ደን ሆኗል፤ በ2025 ዩኔስኮ በዓለም ቅርስነት መዝግቦታል። እዚያ ያሉት የካፑር ዛፎች ከሥራቸው ቆሞ ሽቅብ ለሚያያቸው አናታቸው እርስ በርስ አይነካካም፤ በየዛፉ ዙሪያ ቀጭን የሰማይ መስመር ይታያል። ከኩዋላ ላምፑር ጥግ ነው፣ የሰው እጅ የተከለው ነው፣ ለዝግታ ጉዞም ከበቂ በላይ ነው። ድንግሉን ደን ለእንስሳቱ መተው ይቻላል።

የቀረው ክፍያው ነው። ደን በነጻ ነው፣ ለምን ይከፈላል? ደኑ አጠገብ ላደገ ሰው ነጻ ነው፤ ጠረኑንም፣ ሰዓቱንም፣ መርዛሙንም ከልጅነቱ ያውቀዋል፤ ለእሱ መሪ ማቅረብ ስላቅ ነው። ከሌላ ቦታ ለመጣ ሰው ግን የሚከፈለው ለዚያ ዕውቀት ነው። ለዘለዓለምም አይደለም። ወደ 20,000 የሚጠጉ የእንግሊዝ ነዋሪዎችን የዳሰሰና በ2019 የወጣ ጥናት፣ በሳምንት 120 ደቂቃና ከዚያ በላይ ተፈጥሮ ውስጥ የሚያሳልፉ ሰዎች ጤናችን ደህና ነው የማለት ዕድላቸው ከፍ ያለ መሆኑን አሳይቷል፤ በአንድ ጊዜም ይሁን ተከፋፍሎ ለውጥ አላመጣም። ጤነኞቹ ናቸው አብዝተው የሚወጡት ቢባል ጥናቱ ብቻውን አይመልስም። ቢሆንም በሳምንት 120 ደቂቃ መሪ እየቀጠሩ የሚሆን ነገር አይደለም፤ መንገዱንና አደጋውን ከተማሩ በኋላ ብቻን ወይም ከወዳጅ ጋር መመለስ ነው።

ለመቅጠር የሚያስብ ሰው ገንዘቡን ከማውጣቱ በፊት መሪውን ጥቂት ነገር ይጠይቀው። ስንት ሰዓት ላይ እንገባለን፣ ስንት ሰው ነን? ዝናብ ቢመጣ በየት እንወጣለን? በመንገዱ ላይ የማይነካው ተክል የቱ ነው? ቅርቡ ጤና ጣቢያ ምን ያህል ይርቃል? ለእነዚህ ሳያቅማማ ከመለሰ ሰውየው ደኑን ያውቀዋል። የጥያቄዎቹን መልስ ትቶ ስለ ገዳይ ሕዋሳትና ስለ መቶኛ ማውራት ከጀመረ ግን ሌላ መሪ መፈለግ ነው፤ እዚያ ላይ ከጸሐፊው ጋር አንድ ነን።